ዋንዛ ሥር ጣቢያ የተተከለው ድንኳን

ኢዮሲያስ የሞተው ቆሞ ነው። ጠዋት ወጥ ቤት መደርደሪያውን ተደግፎ፣ በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ልቡ ቀጥ አለች። ሚስቱ ኤልዳና ከመኝታ ቤት ወጥታ ስታየው እንደቆመ ነበር። የለመደውን ሐሳብ ይዞ ነው ብላ አልፋው ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ሻዩ ከነበረበት ዝቅ አላለም። ያን ጊዜ ነው የገባት።

በአዲስ አበባ የኢዮሲያስን ያህል የተረገመ ሰው አይገኝም። የከርሰ ምድር ባቡሩን ጣቢያዎች አንድ ሳይቀር የነደፈው እሱ ነበር፤ በጣቢያዎቹ ውስጥ ደግሞ መቀመጫ የሚባል ነገር የለም። አግዳሚ የለም፣ የሰው ቂጥ የሚያርፍበት ጠርዝ የለም። ወለሉ እንደ ቤት ክዳን ወደ ሐዲዱ ያዘነብላል፤ ለቆመ ሰው አይታወቅም፣ የተቀመጠውን ግን ቀስ አድርጎ ያንሸራትታል። ግድግዳው ጎበጥ ብሎ ስለተሠራ የተደገፈውን በትህትና ገፋ ያደርጋል። ቁጢጥ ልበል ያለውን ደግሞ ከታች በኩል የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ ወገቡ ላይ ያገኘዋል። ለዚህ ሥራ ኢዮሲያስ በወጣትነቱ ተሸልሟል። የውጭ አገር ሰዎች መጥተው፣ አድንቀው፣ ቆመው ፎቶ ተነሥተው ሄደዋል።

ሕዝቡ ባቡሩን «ጉድጓድ» ነው የሚለው። ሰው ሥራ ሲሄድ «ጉድጓድ ወረደ» ይባላል፤ ሲሞትም እንደዚያው ይባላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ማታ ቤቱ ከገባ ነው።

ከጣቢያዎቹም ይበልጥ ሰው የሚያውቀው ድምፁን ነበር። ጣቢያዎቹ ሊመረቁ ሲሉ ማስታወቂያውን የሚናገር ሰው ጠፍቶ ኢዮሲያስ ራሱ ገብቶ ተቀዳ። በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ስለነበር ከተማው የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል በታፈነ አፍንጫ ሲታዘዝ ኖረ። አንድ ሰው ከተቀመጠ ድምፁ «ወገኔ፣ መንገድ ላይ ነን፤ እንቀጥል» ይላል። ሰው ከተሰለፈ ደግሞ «ባቡርዎ ደረሰ ማለት ይቻላል» ይላል። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነበር፤ አንዱ ባቡር ሳይወጣ ሌላው ይገባ ነበር። ኋላ ባቡሮቹ አረጁ፣ መለዋወጫ ታጣ፣ ድምፁ ብቻ ሳያረጅ ቀረ። አሁን በከተማው አነጋገር «ደረሰ ማለት ይቻላል» ማለት አይመጣም ማለት ነው። ለሠርጉ የዘገየ ሙሽራም፣ ቃል የገባ ባለሥልጣንም በዚሁ ይታማል።

ኤልዳና ባሏን አስቀብራ ስትመለስ የቤቷ ግድግዳ እንደ ቴሌቪዥን በርቶ እየጠበቃት ነበር። በዚህ ዘመን ልቅሶ የሚደረሰው በግድግዳ ነው። የሟቹ ፎቶ ይወጣል፤ ወዳጅ ዘመድ ከያለበት «ነፍስ ይማር» የሚለውን ይነካል፤ የባሰበት «አለቀስኩ» የሚለውን ይነካል፤ ነገሩ በአንድ የምሳ ሰዓት ያልቃል። ውጭ ድንኳን የሚተከልበት መሬት የለም። መሬቱ ወይ ሕንፃ ነው ወይ አበባ፤ አበባው ላይ የረገጠ ሰው ደግሞ ሰው ከመታ ሰው የበለጠ ይጠየቃል። ኤልዳና ፎቁ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ግድግዳውን አየች። «ነፍስ ይማር» ያሉት ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ በታች አንድ የማታውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ነፍሱ ገነት ደረሰች ማለት ይቻላል።» ከሥሩ ለቁጥር የሚያታክት ሰው ስቋል።

ግድግዳው አይጠፋም። የአልጋ አንሶላ አውጥታ ሸፈነችውና ወደ ያፌት ወረደች።

ያፌት የዋንዛ ሥር እድር ሊቀመንበር ነው። ሰፈሩ በአጥር የተከለለ የጭቃና የብሎኬት ቤት በነበረበት ዘመን የተቋቋመ እድር ነው፤ ቤቶቹ ፈርሰው ሰዉ ወደ ፎቅ ሲወጣ ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹና ድስቶቹ ምድር ቤት ተቆልፎባቸው ቀሩ። ያፌት ግን በየመስከረሙ ድንኳኑን አውጥቶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያናፍሰዋል። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ እንደ ደንቡ የሚለቀስለት ሰው እስኪሞት የጓጓ ሰው ነበር። ጢሙ ነጭ፣ አንደበቱ ስለታም፣ ሐዘን ላይም ቢሆን ከመቀለድ የማይመለስ።

ኤልዳና ሰው እንደምትፈልግ ነገረችው፤ ግድግዳ ሳይሆን ሰው። ያፌት አልሸነገላትም። ኢዮሲያስ የእድር መዋጮውን ሳያጓድል የከፈለ ቢሆንም በማንም ልቅሶ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ «ነፍስ ይማር» ይልና የእጅ ውኃ ሳይመጣ ይሄዳል። ሰው ይህን አልረሳም። የሰፈሩ አዛውንት ጉልበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ሰፈር ጉልበቱን ያመመው ሁሉ የሚያማው የእሷን ባል ነው። ይመጣሉ ብሎ ዋስ ሊሆናት እንደማይችል ነገራት። ቢመጡስ የት ይቀመጣሉ?

ከዚያ ጢሙን ደባበሰ።

«የሠራው ቤት አለ አይደል?» አላት። «እዚያው ይለቀስለት።»

ኤልዳና ሊሰድባት ይሁን ሊረዳት ለመለየት ፊቱን አየች። ሁለቱም ነበረበት። ግን ሌላ ቦታ አልነበረም፤ እሺ አለች። ለማንም ያልነገረችው ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ድምፁ ያለው እዚያ ነው።

በማግስቱ ድንኳኑን ተሸክመው ወረዱ። ዋንዛ ሥር ጣቢያ ትልቅ ነው፤ ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ድሮ በሰፈሩ የነበረው ዋንዛ በጠጠር ተሥሏል። ዝናብም ፀሐይም በማይገባበት በዚያ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ድንኳን መትከል ለምን እንዳስፈለገ አንድ ሰው ቢጠይቅ ያፌት ድንኳን የሌለው ልቅሶ ስብሰባ ነው ብሎ መለሰለት። ካስማ የሚተከልበት አፈር ስላልነበር ገመዱን ትኬት መቁረጫው ላይ አሰሩት። ሥራ ሊሄድ የወረደው ሕዝብ ዙሪያውን ቆሞ አያቸው፤ ማንም ግን ምንም አላለም፤ ጉድጓድ ውስጥ ሰው አይነጋገርም።

የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ልክ ሲደላደሉ አግዳሚው መንሸራተት ጀመረ። ሳይጮሁ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ በቀስታ ወደ ቢጫው መስመር ሲወርዱ ያፌት ሮጦ ያዛቸው። ከዚያ ሰዉ ጫማውን እያወለቀ በአግዳሚዎቹ እግር ሥር ወሸቀ። አግዳሚው እንዲህ ሆኖ ቆመ፤ የእድሩ እኩሌታ ግን በካልሲ ቀረ።

ሰው እየመጣ ነበር። ኤልዳና መጀመሪያ አላመነችም። ብዙዎቹ የመጡት የእድሩን አግዳሚ ለማየት ይሁን ለእሷ ብለው አላወቀችም፤ ግን መጡ፣ ነፍስ ይማር አሏት፣ ንፍሮ ቀረበ። ከሁሉ የገረማት ሩሐማ መምጣቷ ነው። ሩሐማ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ቀኑን በሽተኛ አጠገብ፣ ማለዳና ማታ ጣቢያው ውስጥ ስትቆም ኖራ ሁለቱንም ጉልበቶቿን አስቀይራ፣ የተቀየሩትንም ጨርሳ በከዘራ ነው የምትሄደው። ያ ድምፅ በተናገረ ቁጥር «ዝም በል፣ አንተ ጉንፋናም» ማለት ልማዷ ነበር፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኤልዳና ልትስቅብኝ መጣች ብላ ልቧን አዘጋጀች። ሩሐማ ግን አቅፋ ሳመቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ አግዳሚውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ እንደ ሰው የናፈቀችው ይመስላል።

ይህን ጊዜ ነው ሟቹ የተናገረው።

«ወገኔ፣ መንገድ ላይ ነን፤ እንቀጥል።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ኤልዳና ዞረ። አንዱ ሽማግሌ ሟቹ ራሱ ሂዱልኝ እያለን ነው ብሎ አጉተመተመ፤ ጥቂቶች ሳቁና አፋቸውን ያዙ። ኤልዳና አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ከተቀበረ ጀምሮ እንባ አልወጣትም። ያ ድምፅ የትናንቱ ሽማግሌ ድምፅ አይደለም፤ ገና ሙሽሮች ሳሉ ነጭ ሽንኩርት በማር እያደረገች የሰጠችው የዚያ ጎረምሳ ድምፅ ነው። ሃያ ጊዜ ብትሰማው ሃያ ጊዜ ያስደነግጣታል። ሌላ የቀራትም የለም፤ ልጅ አልወለዱም። ጣቢያው ውስጥ ይለቀስለት ሲባል እሺ ስትል ሐሳቧ ይኸው ነበር፤ ከአሁን በኋላ በየቀኑ ልትወርድና ልትሰማው።

ከድምፁ ቀጥለው አንሺዎቹ መጡ። አንሺዎቹ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጡት፤ ግራጫ ማሽኖች ናቸው፣ እጃቸው እንደ ትራስ የለሰለሰ ነው፤ የተቀመጠውን ሰው እንደ አዋላጅ በብብቱ ይዘው ያነሡታል፣ ያቆሙታል፣ ልብሱን ያራግፉለታል። አንድም ቃል አይናገሩም። ሰው ከእነሱ ጋር አይታገልም፤ ታግሎ ያሸነፈ የለም። ከአግዳሚው ጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ አነሡ። የተነሣው ግን እነሱ ወደ ቀጣዩ ሲያልፉ ተመልሶ ተቀመጠ። እነሱ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ እሱ ይነሣል፤ እነሱ ያልፋሉ፤ እሱ ይቀመጣል። ሩሐማን ሲያነሷት አመሰገነቻቸው፤ ከነርስነት ዘመኗ ጀምሮ እንዲህ በደንብ ደግፎ ያነሣት ሰው እንደሌለ ነግራቸው ተመልሳ ተቀመጠች። ይህ ሁሉ ሲሆን ንፍሮ የሚዘግነው እየዘገነ ነው።

በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ መጣች። አንጓች ትባላለች። ወጣት ናት፤ የድሮ ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ጊዜ የተወለደች። የጣቢያዋን ካፖርት እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ በትህትና፣ የተጻፈ እንደምታነብ ሆና ተናገረች። መቀመጥ መንገድ መዝጋት ነው፤ መንገድ ከተዘጋ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል፤ ሐዘናቸውን በግድግዳቸው ቢቀጥሉ የባቡሩ መሥሪያ ቤት ሐዘናቸውን ይካፈላል። ይህን ስትል ዓይኗ ግን አግዳሚዎቹ ላይ ነበር።

ሩሐማ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። የአንጓችን ካፖርት ያዝ አድርጋ ወደ ታች ሳበቻት።

«ተቀመጪ ልጄ። ልቅሶ ቤት ቆሞ የሚያወራ የለም።»

አንጓች ተቀመጠች። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ስትቀመጥ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ልትነሣ ፈለገች፤ ግን እግሮቿ አልሰሟትም። ንፍሮ በእጇ ላይ አደረጉላት። አንሺዎቹ ሲመጡ ኃላፊያቸው መሆኗን አውቀው ከፊቷ ተገተሩ፤ እጇን አወዛወዘችላቸውና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ። አለቃዬ እስኪያይ ድረስ ነው አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ከዚያ ሩሐማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን መታ አድርጋ፣ ሙሾ አወረደች።

*ከተማውን ሁሉ፣ አቁሞ ያዋለ፣*
*እሱ ግን ቀደመን፣ ጋደም ብሎ ዋለ።*

ከዚያ ያፌት ሳቁን መቋቋም አቅቶት ጎንበስ አለ፤ ሳቁ ከአግዳሚ አግዳሚ ዞረ፤ ዞሮ ሲመጣ ለቅሶ ሆኖ ነበር፤ እንዴት እንደተለወጠ ያየ የለም። የሰፈሩ ሰው ለዓመታት የሞተበትን ሁሉ፣ በግድግዳ ብቻ የሸኘውን አባትና እህት ሁሉ፣ በዚያው አለቀሰ። አንጓችም ታለቅስ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አታውቅም።

ኤልዳና አልተቀየመችም። እሷም ተራዋን ጠብቃ፣ ድምፅ ባይኖራትም፣ መለሰች።

*ቤትም ቆሞ ነበር፣ እንጀራ ሲበላ፣*
*ያባቱ አግዳሚ፣ እያየው ከኋላ።*

«የምን አግዳሚ ነው?» አለች ሩሐማ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ኤልዳና ነገረቻቸው። ለማንም ነግራ አታውቅም፤ እሱም ለእሷ የነገራት አንድ ጊዜ ነው። የኢዮሲያስ አባት አንድ ጉዳይ ነበራቸው፤ የቤታቸው ፋይል ጠፍቶ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ አግዳሚ አለ፤ ጠዋት ሲሄዱ «ቁጭ ብለው ይጠብቁ» ይባላሉ፤ ይቀመጣሉ። ኢዮሲያስ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ምሳ ያደርስላቸዋል። በጋው በዚያ አለፈ። አንድ ቀን አባቱ ግድግዳውን ተደግፈው እንደተኙ አገኛቸው፤ እንዳይቀሰቅሳቸው ምሳውን ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሰዓቱ ሲደርስ ጸሐፊዋ በሩን ልትዘጋ ወጣች። ሽማግሌውን አየቻቸውና ደጋግማ «ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። ሞተው እንደነበር የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

«ወንበር ያለበት ቦታ የሚያስጠብቅ ሰው አለ ማለት ነው ይል ነበር» አለች ኤልዳና። «ወንበሩን ካነሣህበት ማስጠበቅ ያፍራል ይል ነበር። ለዚህ ነው እንጂ በሰው ጉልበት ጨክኖ አይደለም።»

«አላፈሩማ» አለች ሩሐማ፣ ቀስ ብላ። «እኛኑ አቆሙን እንጂ።»

ኢዮሲያስ ራሱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጣቢያ ወርዶ አያውቅም፤ ባቡሩ መዘግየቱን ሲሰማ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቆም ነበር። ጉልላቱ ላይ ድምፁ እንደገና መንገድ ላይ እንደሆኑ ነገራቸው።

አንጓች ወደ ኤልዳና ተጠጋችና በጆሮዋ ማውራት ጀመረች። ይህ ድምፅ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። የባለቤቱ ነው፤ እሱ ከሞተ የወራሹ ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አበባ የያዙ ሰዎች ቤቷ መጥተው፣ ሐዘናቸውን ገልጸው፣ ድምፁ ይቀጥል ዘንድ ፈቃዷን ይጠይቋታል። አንዴ እሺ ካለች ለዘላለም ነው። እምቢ ካለች ግን ድምፁ በሁሉም ጣቢያ ወዲያው ዝም ይላል። አንሺዎቹ ደግሞ ድምፁ ያላስጠነቀቀውን ሰው አይነኩም፤ ሕጋቸው እንደዚያ ነው። እዚህ ሆናም እምቢ ማለት ትችላለች፤ ኃላፊ ካለ በቂ ነው።

«አለቆችሽ በዚህ አንቺን ተጠያቂ አያደርጉሽም?» አለቻት ኤልዳና።

«ያደርጉኛል።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

አንጓች አሰበች። «እኔ እንጃ እማማ» አለች። «ተቀምጬ ስለነበር ይመስለኛል።»

ኤልዳና ድንኳኑን አየች። በካልሲ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አየች፤ የሩሐማን ጉልበቶች አየች፤ ከድንኳኑ ውጭ ጎባጣው ግድግዳ እየገፋው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሩ እየተቀያየረ የቆመውን ሕዝብ አየች። በየቀኑ ወርዳ የምትሰማውን ጎረምሳ አሰበች። ደግሞ ይህ ሕዝብ እሷ ለመስማት ስትል እስከ መቼ እንደሚቆም አሰበች። ሐሳቡ ቀላል አልነበረም።

በኋላ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አንዴ ብቻ ይናገርልኝና ከዚያ ይበቃል አለች። ያፌት ምን እንደሆነ ገብቶት ባርኔጣውን አወለቀ። ጠበቁ። ሟቹ፣ በሕይወቱ እንደነበረው፣ ሲፈለግ አልተናገረም። ብዙ ቆይቶ፣ ሰዉ ሁሉ ሲሰለቸው፣ በታፈነው አፍንጫው «ወገኔ፣ መንገድ ላይ ነን፤ እንቀጥል» አለ።

«ይበቃል» አለች ኤልዳና። «ዝም ይበል። አሁን ይረፍ።»

አንጓች በእጅ አንጓዋ ላይ የታሰረውን መሣሪያ ነካች።

ጣቢያው ጸጥ አለ። ከዋሻው ውስጥ ውኃ ሲንጠባጠብ ተሰማ፤ ከተመረቀ ጀምሮ ይንጠባጠብ ኖሯል፤ የሰማው ግን አልነበረም። ኤልዳና ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ባል እንደሞተባት ሴት፣ ሳታፍር፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ሩሐማ እያቀፈቻት፣ ያፌት ቆሞ እያየ።

በለቅሶው መሐል ባቡር መጣ። ማንም አልተናገረለትም፤ ዝም ብሎ መጣ፣ ዝም ብሎ ቆመ። የወረዱት መንገደኞች ድንኳኑን ከዚያ አግዳሚዎቹን አዩ። አንድ ሰው፣ ቦርሳውን እንደያዘ፣ ማንንም ሳይጠይቅ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ አንዲት ሴት። ቀጥሎ ብዙ። ከተቀመጡ በኋላ ነው ማን ሞቶ እንደሆነ የጠየቁት። ሲነገራቸው «ያ ጉንፋናሙ?» አሉ። ግን አልተነሡም። ንፍሮ ዘገኑ፣ ነፍስ ይማር አሉ።

ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ተነቀለ። ያፌት አግዳሚዎቹን ሊያስጭን ሲመጣ የማያውቃቸው ሰዎች ተቀምጠውባቸዋል። ተነሡ ለማለት አፉን ከፈተ፤ ያ የሞተው ሰውዬ ሲናገር የኖረው ነገር መሆኑ ትዝ ሲለው ዘጋው። አግዳሚዎቹ እዚያው ቀሩ፤ የእድሩ ሰዎች ጫማቸውን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ በምትኩ ድንጋይ ወሸቁ። ወሬው ሲዳረስ በየሰፈሩ ምድር ቤት የተቆለፈባቸው የእድር አግዳሚዎች ሁሉ ወደየጣቢያው መውረድ ጀመሩ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ዘፋኝ ፈልጎ አዲስ ድምፅ አስቀዳ፤ ግን የተቀመጠው ሰው ከአንሺዎቹ በለጠ። በስተመጨረሻ አንሺዎቹ ሽማግሌ ደግፎ በደረጃ ማውረድ ተሰጣቸው፤ ሥራውን ወደዱት ይባላል። አንጓችን ከኃላፊነቷ አንሥተው ትኬት ቆራጭ አደረጓት። ቅር አላላትም። ትኬት ቆራጭ ወንበር አላት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለ ነበር። ኤልዳና ግን በየቀኑ ትወርድ ነበርና ሌላ ነገር አየች። ሰዉ ጣቢያ ውስጥ መነጋገር ጀመረ፤ ዳማ ተጫወተ፣ አተር ፈለፈለ፣ ልጁን አጨ። ሽማግሌ ሲመጣ «ኖር» ብሎ መነሣትን ወጣቱ ሁሉ ተማረ። ባቡሩ ግን ከቀድሞው ይበልጥ ቀረ። ሲቆም የሚያማርር የነበረው ሕዝብ ሲቀመጥ ዝም አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ብልጥ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። መጀመሪያ የጠዋቱን ባቡር ቀነሱ። ከዚያ የማታውን። ማንም አልጠየቀም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጨዋታው መሐል ባቡር ሲመጣበት ይቆጣ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኤልዳና አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ብዙ እንዳልተንቀሳቀሰ አስተዋለች። ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፏል፣ አፉ ከፈት ብሏል፣ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። ከጎኑ ያሉት ዳማ እየተጫወቱ ነው። ኤልዳና ልቧ እየመታ ትከሻውን ነካችው። አልሰማም። ደግማ ነቀነቀችው። ሰውዬው ነቃ፤ ዙሪያውን አየና፦

«ደረሰ?» አላት።

አልደረሰም አለችው። ሰውዬው ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። ኤልዳና ባሏን በሕይወት ሳለ ካወቀችው ይበልጥ በዚያች ቅጽበት አወቀችው፤ ተናደደችበትም፣ አዘነችለትም፤ ስለ ወንበሩ ልክ ሆኖ ስለሚያስጠብቁት ሰዎች እንዴት እንዲህ ይስታል ብላ። ከዚያ ተነሣች። ያፌትን ጠራች፤ ሩሐማን ጠራች፤ ትኬት መቁረጫዋን ዘግታ አንጓች ተከተለቻቸው፤ ዳማ ተጫዋቾቹም ወዴት ነው ብለው ተነሡ፤ ተኝቶ የነበረውም ሰውዬ ብቻውን መቅረት ስላልፈለገ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ባቡር ስላልነበረ በእግራቸው ሄዱ። ሩሐማን ሁለት አንሺዎች ደገፏት።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መልካም ፀባይ ያለው ሰው ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው። ቢሮው ሰፊ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ ምቹ ወንበር ተደርድሯል፤ እነሱን ሲያይ ሌላም ወንበር እንዲመጣ አዘዘ። የኤልዳናን ሐዘን እንደሰማ፣ ባለቤቷን እንደሚያከብር ነገራት። ከዚያ በእጁ ወደ ወንበሩ አሳያት።

«ይቀመጡ እማማ፤ አረፍ ይበሉና እንነጋገራለን።»

«አልቀመጥም» አለች ኤልዳና። «ባቡሩ የት ነው?»

ሰውዬው ፈገግታው ሳይጠፋ ወደ ያፌት ዞሮ ወንበር አሳየው፤ ያፌት ባርኔጣውን እንደያዘ ቆመ። ወደ ሩሐማ ዞረ። ሩሐማ ከዘራዋን ተክላ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆመች። ከኋላ ያሉት ክፍሉን ሞልተው፣ ኮሪደሩን ሞልተው፣ ቆመዋል፤ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ኃላፊው ስለ መለዋወጫ ጀመረ፣ ስለ በጀት ጀመረ፤ ቀና ብሎ ያን ሁሉ ፊት እያየ ማውራት ከበደው። ወረቀት አገላበጠ። ውኃ ጠጣ። ማንም አልተቀመጠም።

በመጨረሻ፣ ብቻውን ተቀምጦ መቆየት ስላልቻለ፣ እሱም ተነሣ።